የመጀመሪያው ውሃ

ተራችን ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ብሎክ 118፣ እነናሆም፣ ሁለት ሰው» ይላል። ከሁለቱ አንዷ ሰኔ 7 ቀን 2068 ዓ.ም. እሑድ ሞታለች። ሰሌዳው የሚስተካከለው ከአርባ ቀን በኋላ ስለሆነ ለአምስት ረቡዕ የሁለት ሰው ውሃ ተሰጥቶኛል። የተረፈውን ውሃ ማሽኑ የእኔን ልብስ ሁለቴ በማለቅለቅ ይጨርሰዋል። ልብሴ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም።

የካ አባዶ ውስጥ እንዲህ ያሉ ማጠቢያ ቤቶች ዐሥራ ሁለት አሉ። የእኛው ዘጠነኛው ነው። ስልሳ ዓመት ባለፋቸው ሕንጻዎች መካከል፣ ድሮ መኪና ማቆሚያ በነበረው ቦታ ላይ ተሠርቷል። ወደየቤታችን የሚመጣው ውሃ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለገላ ነው። ልብስ በቤት ማጠብ የተከለከለው በ2052 ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ዘንቢሉን ይዞ ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ ልብሱን ለየብቻ በማሽኖቹ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አርባ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ሲያልቅ ማሽኑ ወረቀት ያወጣል።

ሰው «የላብ ወረቀት» ይለዋል። ማሽኑ ሳሙና ከማስገባቱ በፊት ልብሱን በባዶ ውሃ ያርሰዋል። የሚያነበው ያንን የመጀመሪያውን ውሃ ነው። ልብሱን ማን እንደለበሰው፣ ስንት ቀን እንደለበሰው፣ ምን እንደበላ፣ እንዴት እንዳደረ ይጽፋል፤ ከታች አንድ መስመር ምክር ያክላል። ሕመም ካገኘ መስመሩ ቀይ ይሆንና የሐኪም ቀጠሮ አብሮ ይወጣል። በእኛ ሕንጻ ብቻ አራት ሰው በቀይ መስመር ድኗል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ቀዩ መስመር የወጣበትን ቀን በየዓመቱ ድግስ ደግሰው ያከብሩታል።

የማጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ ጎሹ ይባላል። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። በእሱ ጊዜ የተወለዱ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የያዙት። ወረቀቱን ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት የማየት ልማድ አለው። ደንቡ ይከለክላል፤ ሰልፉ ግን ይወድለታል።

«ጋሽ ናሆም፣ እሑድ ክትፎ ቀምሰዋል» ይለኛል።

«ቀምሻለሁ።»

«ጥሬ?»

«ለብ ለብ።»

«ወረቀቱ ጥሬ ነው የሚለው። ከማሽን ጋር አይጣሉ።»

ሰልፉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። አንድ ዓመት የዕድራችን ጸሐፊ ዐቢይ ጾምን እየጾሙ መሆኑን ለሰው ሁሉ ሲናገሩ ከርመው ወረቀታቸው ላይ ቅቤ ወጣ። በሳምንቱ ተራቸውን ወደ አራተኛው ማጠቢያ ቤት አዛወሩ። እዚያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ዘንቢል ተሸክመው ይሄዳሉ።

የባለቤቴ የፌቨን ልብስ ግን በዚያ ማጠቢያ ቤት ለዐሥራ አራት ዓመት አልታጠበም። እኔ ነበርኩ በእጄ የማጥብላት።

የአባቴ አገር መንዝ ነው። እዚያ ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ ነበር። አባቴ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ላይ እየረገጠ በእንዶድ ጋቢና ቀሚስ ያጥብ እንደነበር ነግሮኛል። ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሳፋ ውስጥ ይረግጥ ነበር። እኔም ያንኑ ያዝኩ። ሥራዬ የሊፍት ጥገና ነበር። ቀን ሙሉ ግሪስ ነክቼ እመጣለሁ፤ እጄ የሚጸዳው ሳፋ ውስጥ ሲገባ ነው። ፌቨን በተጋባን ሰሞን ለጓደኞቿ «የእኔ ባል ልብስ አያስነካኝም» እያለች ታስቃቸው ነበር።

በእነዚያ ዐሥራ አራት ዓመታት የእኔን ልብስ፣ አንሶላውንና መጋረጃውን ማጠቢያ ቤት እወስዳለሁ። የእሷን በገላ ውሃ አጥባለሁ። ገላዬን ስታጠብ ሳፋ ውስጥ እቆምና ውሃውን አጠራቅማለሁ። ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩን ቀድቼ ቀሚሷን፣ ነጠላዋን፣ የውስጥ ልብሷን አጥብበታለሁ። የነጠላዋ ጥለት ቀለሙ እንዳይለቅ ጠርዙን ከውሃ ውጭ በእጄ አንጠልጥዬ ነው። እሷ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣ የዋለችበትን ትነግረኛለች። አንዳንዴ «እዚያ ጋ፣ ብብቱ ስር» ትለኛለች። የማሰጣው እዚያው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ነው። በየወሩ ስልኳ ላይ «ልብስዎ አልተነበበም» የሚል መልእክት ይመጣል። ቅጣት የለውም። ታጠፋዋለች።

አንሶላችንም ቢሆን የሚያወጣው የእኔን ስም ብቻ ነበር። ማሽኑ ከአንድ ጨርቅ አንድ ሰው ነው የሚያነበው፤ የበዛውን። እኔ ላብ ይበዛብኛል። ፌቨን ወረቀቱን እያየች «በመንግሥት መዝገብ አልጋው ላይ ብቻህን ነው የምትተኛው» ትለኝ ነበር። «ከማን ጋር እንደምታድር አያውቁም።»

ግንቦት ላይ ሆዷን አመማት። ቆሽቷ ላይ ያለው ነገር ከታወቀ በኋላ የቆየችው ሃያ ስድስት ቀን ነው። ሐኪሙ መዝገቧን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ እያነበበ ወደ ታች ወረደ፣ ደግሞ ወደ ታች ወረደ።

«ከማጠቢያ ቤት የመጣ ምንም የለም» አለ። «ዐሥራ አራት ዓመት። ልብስ አይለብሱም እንዴ?»

ፌቨን ሳቀች። የሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

በኋላ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለው ሕመም ከሦስት ሰው በሁለቱ ላብ ላይ አስቀድሞ እንደሚወጣ፣ በአንዱ ላይ ግን ጭራሽ እንደማይወጣ ነገረኝ። «ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ተነቦ ቢሆን…» አለና ስልኩ ጠራ። ተመልሶ አልጨረሰውም። የፌቨን ታላቅ እህት ሜላት አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ሜላት ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ከእኛ ሦስት ብሎክ ወዲያ ትኖራለች። ሠላሳ ዓመት የትራፊክ ፖሊስ ነበረች፤ ድምፅዋ ለመንገድ የተሠራ ነው። በሣልስቱ ዕለት የዕድሩ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ካለችበት ጥግ ተነሥታ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ናሆም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ማሽን ቢያጥብላት ኖሮ እህቴ ዛሬ አለች ወይስ የለችም?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም አትበለኝ! ሳፋህን ይዘህ ዐሥራ አራት ዓመት ደበቅካት። ከማን ነው የደበቅካት? ከሐኪም!»

ንፍሮ የሚያዞረው ሰውዬ ባለበት ቆመ። የዕድሩ ሊቀመንበር «ኧረ ሜላት፣ ይሄ አሁን ጊዜው ነው?» አሉ።

«ጊዜውማ አልፏል» አለችና ሄዳ ተቀመጠች።

መልሱን የያዘ አንድ ነገር ቤት ውስጥ ነበረ፤ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ የተሰቀለ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ። ፌቨን በዐቢይ ጾም ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትለብሰው እሱን ነው። መጋቢትን ሙሉ ለብሳዋለች። ከፋሲካ በኋላ ላጥበው ሳወርደው «ተወው፣ ክረምት ሲገባ እለብሰዋለሁ። ሱፍ በታጠበ ቁጥር ያጥራል» አለችኝ። መልሼ ሰቀልኩት። ሱፍ ላብን እስከ ስድስት ወር እንደሚይዝ ጎሹ ነግሮኛል። የመጋቢት ላቧ እንግዲህ እዚያ ነበር። ሕመሙ በመጋቢት ላቧ ላይ ካለ፣ በእጄ ባላጥብላት ኖሮ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ከሌለ፣ ማሽኑም ቢያጥብላት የሚቀየር ነገር አልነበረም።

ለማስነበብ ግን መታጠብ አለበት። ማሽኑ ሳያርስ አያነብም፤ ካራሰ በኋላ ደግሞ አይከፈትም። ሹራቡ የእሷን ጠረን ይዟል፤ የጧፍ፣ የፀጉር ቅባትና የዝንጅብል። ለጉሮሮዋ ብላ ዝንጅብል በኪሱ ትይዝ ነበር። በቤቱ ውስጥ ጠረኗን የያዘ ነገር እሱ ብቻ ነው የቀረው። ሌላውን ሁሉ እኔው አጥቤዋለሁ።

የሟች ልብስ በአርባኛው ቀን ይወሰዳል። ድሮ ለነዳያን ወይም ለንስሐ አባት ይሰጥ ነበር። አሁን የጨርቅ ማዕከል ሰዎች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ ልብሱ ይፈታና እንደገና ክር ይሆናል። እያንዳንዱ ልብስ ጠርዙ ላይ የባለቤቱ ምልክት ስላለው ደብቆ ማስቀረት አይቻልም። በፌቨን ስም የተመዘገበው ልብስ ሠላሳ አንድ ነበር። ሹራቡ በዝርዝሩ ዐሥራ ዘጠነኛ ነው።

ስለዚህ አስነበብኩትም አላስነበብኩትም ሹራቡ ይሄዳል። ልዩነቱ ማወቅና አለማወቅ ነው። ለማወቅ ደግሞ ጠረኑን ከቀኑ በፊት መስጠት አለብኝ።

በሁለተኛው ረቡዕ ዘንቢሉ ስር ከትቼው ወርጄ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የራሴን ልብስ አስገባሁና እሱን ይዤው ተመለስኩ። በአራተኛው ረቡዕም እንደዚያው አደረግኩ። ጎሹ ዘንቢሉን አየ፣ እኔን አየ፣ የሚቀጥለውን ተረኛ ጠራ።

ጠረኑ እንዳይበን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አፉን አስረዋለሁ። ስተኛ አወጣውና ትራሴ ላይ አነጥፈዋለሁ። ፊቴን አደርግበታለሁ። ጠዋት አጥፌ መልሼ አስረዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ፣ ሜላት ደወለች።

«ነገ ተራህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከነገ ወዲያ ሰዎቹ ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ፣ ሜላት።»

«አረንጓዴው ሹራብ ሳይታጠብ እንደተቀመጠ ፌቨን ነግራኛለች፤ ይዘኸው ውረድ። እኔም እመጣለሁ። ወረቀቱን በዓይኔ ነው ማየት የምፈልገው። ንጹሕ ከሆነ የዕድሩን ሰው ሰብስቤ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«ቀይ ከሆነስ?»

መስኮቷ ክፍት ነበር መሰለኝ፣ ዝናቡ ይሰማል።

«ቀይ ከሆነ ደጅህን አልረግጥም» አለች።

በማግስቱም ዝናብ ነበር። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በየሕንጻው ጥግ በተተከለው ወፍራም ቱቦ ወደ ከተማው ማጠራቀሚያ ይሄዳል፤ መቅዳት ክልክል ነው። ሰው ዘንቢሉን በላስቲክ ሸፍኖ በዝናብ ውስጥ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ሜላት ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ጎሹ ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። «እትዬ ሜላት፣ ሊያሳጥቡ ነው ወይስ ሊቀጡኝ?»

«ወረቀት የማየት ልማድህን ካልተውክ እቀጣሃለሁ» አለችው። ዓይኗ ግን የእኔ ዘንቢል ላይ ነበር።

ከረጢቱን አውጥቼ ፈታሁት። ጎሹ ሹራቡን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእትዬ ፌቨን ነው?»

«አዎ።»

ጠርዙን ገልጦ ምልክቱን አየ። «ለማስነበብ?»

«ለማስነበብ» አለች ሜላት።

«መጨረሻ የተለበሰው መቼ ነው?»

«መጋቢት» አልኩ። «ሚያዝያም ትንሽ ቀን።»

«ከሳቸው በኋላ ሌላ ሰው አልለበሰውም?»

«አልለበሰውም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ጎሹ አጥፎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «እርስዎ ያስገቡት።» ሰባት ቁጥር ማሽን ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከማስገባቴ በፊት አንዴ ላሸተው ፈልጌ ነበር፤ ሰልፉ ላይ ሰው ስለነበረ ተውኩት። በሩ ጠቅ ብሎ ተቆለፈ።

የመጀመሪያው ውሃ ገባ። በመስታወት ቱቦው ሲወርድ አየሁት፤ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ግማሽ ብርጭቆ አይሞላም። ወደ ማንበቢያው ገባና ከዓይን ጠፋ። ከዚያ ሳሙናው መጣ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በመካከላችን የሜላት እርጥብ ዣንጥላ አለ። ከፊታችን አንዲት ሴት የልጆቿን የደንብ ልብስ እየቆጠረች ታስገባለች። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ከአርባ አንድ ተነሥቶ ሠላሳ ሦስት ደረሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሜላት። ድምፅዋ የድንኳኑ አልነበረም።

«ጠይቂኝ።»

«ለምንድነው? እሷ ሞኝ አልነበረችም። አንተም ሞኝ አይደለህም፣ ግትር ነህ እንጂ። ይሄን ማሽን ለምንድነው እንዲህ የጠላችው?»

«አትናገር ብላኝ ነበር።»

«ለማን?»

«ላንቺ።»

ዞራ አየችኝ። «ሞታለች እኮ፣ ናሆም። ተናገር።»

ነገርኳት። ነገሩ በ2054 ኅዳር ነው። ያኔ የፌቨንም ልብስ እዚሁ ይታጠብ ነበር። በተጋባን በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ እሷ አርባ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ልጅ የሚባለውን ነገር ማንሣት ከተውን ከርመን፣ ወረቀቷ ላይ «እርጉዝ፣ ስድስተኛ ሳምንት» የሚል መስመር ወጣ። እሷም አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም። የያኔዋ ሠራተኛ ጮክ ብላ አነበበችው። ሰልፉ እልል አለ። የማናውቃቸው ሰዎች ግንባሯን ሳሟት። አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን መሬት ጥለው ሆዷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁ። ፌቨን በሰው መካከል ቆማ ወደ እኔ ታያለች፤ ለእኔ የምትነግረኝ ነገር አልቀረላትም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የወጣው ወረቀት ላይ ያ መስመር አልነበረም። ሠራተኛዋ አጥፋ ሰጠቻት። የዚያን ዕለት ሐኪም ቤት ሄድን፤ የነገሩን ያንኑ ነው። ሰልፉ ግን መጠየቁን አላቆመም። በየረቡዑ «እንዴት ነው፣ ገፋ?» ይላታል። ያልሰሙት እስከ ሰኔ ድረስ ጠየቁ። አንድ ቀን ከማጠቢያ ቤት ተመልሳ ዘንቢሉን በሩ ላይ አስቀመጠችና «ከእንግዲህ እኔን የምታነበኝ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ሳፋውን ከአልጋ ስር አወጣሁ።

«ይኸው ነው» አልኩ ለሜላት። «ሰልፉ እልል አለ። ሌላ ምክንያት የለውም።»

ሜላት ማሽኑን እያየች ነበር። ቁጥሩ ዐሥራ አምስት ላይ ደርሷል።

«ሰልፉ አይደለም» አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ያን ቀን ዘንቢል ላግዛት አብሬያችሁ መጥቼ ነበር። መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላው እኔን ተከትሎ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አጠገብሽ ነበር የቆምኩት።»

«ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ስናገርህ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አትናገር ብላኛለች አልኩሽ እኮ።»

ተነሣች። ሠላሳ ዓመት መኪና ስታስቆምበት የኖረችውን መዳፍ ወደ ማሽኑ ዘረጋች።

«ጎሹ፣ ይሄን ነገር አቁመው።»

«አይቆምም፣ እትዬ ሜላት። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«እሺ ወረቀቱን እንዳያወጣ አድርገው።»

«እሱም አይሆንም።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው፣ አንዴ ከጀመረ የማይቆም!»

«እኔ አልሠራሁትም፣ እትዬ።»

ተመልሳ ስትቀመጥ ዣንጥላውን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። በክቡ መስታወት ውስጥ አረንጓዴው ይነሣል፣ ይወድቃል። አንዱ እጅጌ መስታወቱን ነካ ያደርግና ይሄዳል። ልብስ የምታስገባዋ ሴት ሥራዋን ጨርሳ ከእኛ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ማሽኑ ሲቆም ማናችንም አልተነሣንም። ጎሹ ሄዶ ወረቀቱን ቀደደ። እንደ ልማዱ አየው። ጎሹ ወረቀት አይቶ ምንም ሳይል ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ነው። ለእኔ ዘረጋልኝ። መነጽሬን አልያዝኩም ነበር። ሜላት ተቀበለችው።

«ቀይ ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

«ንጹሕ ነው?»

«ቆይ እስቲ፣ ዝም በል።» ወረቀቱን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ከላይ ጀመረች። «ለባሽ፦ ናሆም ተክሌ። የለበሰበት ጊዜ፦ ሠላሳ ስምንት ቀን።» ቆም አለች። «ያንተ ነው እኮ ይሄ።»

ጎሹ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ጋሽ ናሆም፣ ማንም አልለበሰውም አላሉኝም?»

«አልለበስኩትም።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

ባዶውን ላስቲክ ከረጢት ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«የእሷስ?» አለች ሜላት። «ከስሩ የእሷ የለም?»

«የበዛውን ነው የሚያነበው፣ እትዬ። የሳቸው ከውሃው ጋር ወርዷል።»

ሜላት ወረቀቱን እንደያዘች ነው። የቀሩትን መስመሮች ማንበብ አልነበረባትም፤ ግን አነበበቻቸው። «እንቅልፍ፦ ያነሰ። ምግብ፦ ያነሰ። ጨው፦ ከልክ ያለፈ።» ከዚያ የሚቀጥለውን ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታነብ ሆና አነበበችው። «የጨው ምንጭ፦ ዓይን። ምክር፦ ውሃ ይጠጡ።»

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጥጉ ላይ ወዳለው የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ሄደች፣ የራሷን ካርድ አስነካች፣ የዕለት ድርሻዋን ብርጭቆ ሞልታ ይዛ መጣች።

«ጠጣ» አለችኝ።

«አልጠማኝም።»

«ጠማህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም። ጠጣ።»

ጠጣሁ። ብርጭቆውን እስክጨርስ ፊቴ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሐሙስ አርባዋ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የጨርቅ ማዕከል ሰዎች ደጃችን ላይ ሰማያዊ ከረጢት ይዘው ቆመው አገኘናቸው፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። ሜላት ከእኔ ቀድማ ገብታ በሩን ከፈተችላቸው። ልብሶቹን አልጋው ላይ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ደርድሬያቸው ነበር። ሴትዮዋ አንድ በአንድ እያየች ለሰውዬው ታቀብላለች። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ምልክቱን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ይሄ የርስዎ ነው» አለችኝ።

«የባለቤቴ ነው።»

«ትናንት ተነቧል። ናሆም ተክሌ በሚል ስም ተዛውሯል። የሟች ልብስ አይደለም።»

«የሴት ሹራብ ነው እኮ። እዩት።»

«የሴት የወንድ አንልም፣ አባቴ። ላቡ የማን ነው፣ እሱን ነው የምናየው።»

«አንወስድም እያሉህ ምን ትከራከራለህ?» አለች ሜላት ከኋላዬ። ሹራቡን ከአልጋው ላይ አንሥታ ክንዷ ላይ አደረገችው። ገና አልደረቀም ነበር።

ሠላሳ ልብስ ወስደው ሄዱ።

ሜላት ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ደጄንም መርገጥ አልተወችም። ያን ወረቀት ምን እንዳደረገችው አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራዋን ወደ ረቡዕ አዛውራ ከእኔ ጋር ተመዘገበች። ሰሌዳው ላይ «ብሎክ 118፣ እነናሆም፣ ሁለት ሰው» የሚለው ሳይነካ ቀረ። ጎሹ ለእሷ ወረቀት ሲሰጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እሷም «አይተኸዋል፣ አውቄሃለሁ» ትለዋለች።

ሹራቡ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ፌቨን እንዳለችው ሲታጠብ አጥሯል። እጅጌው ክርኔን አያልፍም። ነሐሴ ላይ ብርዱ ሲጠና እለብሰው ጀመር። መጀመሪያ የማጠቢያ ቤቱን ሳሙና ነበር የሚሸተው፤ አሁን ምንም አይሸትም። ሕመሟ በመጋቢት ላቧ ላይ ይኑር አይኑር እኔም ሜላትም አናውቅም። ከሦስት ሁለቱ፣ ከሦስት አንዱ። እዚያ ላይ ነው የቆምነው።

ረቡዕ ዘንቢሉን ስሞላ ሜላት ወደ በሩ ጀርባ ታያለች።

«እሱ አይታጠብም?»

«ክረምቱ እስኪወጣ እለብሰዋለሁ» እላታለሁ።

በጳጉሜ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። «አረንጓዴ ሹራብ አልተነበበም» ይላል። ቅጣት የለውም። አጠፋሁት።